ለቅሶ የደረሰች መኪና

መኪና የሌለው ሰው መኪና በነዳጅ የሚሄድ ይመስለዋል። አሮጌ መኪና ያለው ግን በምክር እንደሚሄድ ያውቃል። እስቲ መንገድ ዳር ኮፈን ከፍታችሁ ቁሙ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሦስት ሰው ይከባችኋል። አንደኛው አንገቱን አስግጎ «ካንዴላ ነው» ይላል። ሁለተኛው «የናፍጣ መኪና ደግሞ ምን ካንዴላ አለው!» ብሎ ይቆጣውና «ፖምፓ ነው» ይላል። ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ጎማውን በእግሩ ነካ አድርጎ፣ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ከሁሉም የሚያስፈራው እሱ ነው።

የእኔዋ መኪና ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ናት። ባለ ነጠላ ጋቢና፣ ባለ 2.4 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ቱርቦ የሚባል ነገር የማታውቅ፣ በ1980ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራች። ዕድሜዋ ከባለቤቴ ዕድሜ ጋር ስለሚቀራረብ በቤታችን የሁለቱም አይነሳም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ እንደ እሷ ያሉ አሮጊቶች ክብራቸው ጨምሯል፤ የሚሸጡ ሳይሆን የሚወረሱ ንብረት ሆነዋል። ሥራዋም ብዙ ነው። የዕድራችንን ድንኳንና ወንበር ታመላልሳለች፣ ለበዓል በግ ትጭናለች፣ የሰው ፍሪጅ ታዘዋውራለች። ፒክአፕ ያለው ሰው ጓደኛ አያጣም፤ በተለይ ወር ሲያልቅ፣ ቤት የሚቀይር ጓደኛ።

ነገሩ የሚጀምረው ከማርሚታ ነው። ማርሚታ ማለት፣ መኪና ሥር ተኝተው ለማያውቁ ክቡራን አንባቢያን፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ መካከል ላይ እንቁላል የዋጠ እባብ መስላ ያበጠችው ቆርቆሮ ናት። ሥራዋ ድምፅ ማፈን ነው። አንድ ቀን ሆዷ ተበሳ፤ መኪናዬም እንደ አስም በሽተኛ ታሳል ጀመር።

እኔ የመንገዱ ጭቃና ድንጋይ ያበሰበሳት መስሎኝ ነበር። ለካስ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል። ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ቱቦው ስለሚግል እንፋሎቱ ተኖ ይሄዳል። እንደ እኔ ከቤት ዳቦ ቤት፣ ከዳቦ ቤት መሥሪያ ቤት የሚመላለስ ሰው ግን ቱቦው በወጉ ሳይግል ሞተሩን ያጠፋና ውሃው ማርሚታ ውስጥ ያድራል። ውሃ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ከናፍጣው ድኝ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። ስለዚህ ማርሚታ የምትበሰብሰው ከውስጥ ነው። ከውጭ ላያት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ልክ እንደ እኛ።

በሰፈራችን አንድ ወጣት አለ። የቪትዙ የጭስ ማውጫ ጫፍ የጀበና ሆድ ያህላል። ማርሚታዬን ከሥር አጎንብሶ አየና አዘነልኝ።

«ጋሼ፣ ደግሞ ለዚህ ገንዘብ ያወጣሉ? ቆርጠው ይጣሉት። ቀጥ ያለ ቱቦ ያስገቡላት። ታፍና እኮ ነው! ትተንፍስ!»

«ጉልበት ይጨምራል?»

«እጥፍ!»

«ትተንፍስ» የሚለው ቃል አንጀቴን በላው። በዚያ ሰሞን እኔ ራሴ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታፍኜ ነበር። ስብሰባ ላይ እጄን አወጣለሁ፣ ሰብሳቢው ዓይኑን በእኔ ላይ አሳልፎ ከኋላዬ ላለው ዕድል ይሰጣል። ቢያንስ አንዳችን እንተንፍስ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ምናለሽ ተራ ሰው የጣለው ሁሉ ሁለተኛ ነፍስ የሚዘራበት ቦታ ነው፤ ጣሳው ኩራዝ፣ በርሜሉ ምድጃ፣ የመኪናው ጎማ በረባሶ ይሆናል። ለአንዱ ነጋዴ ቱቦ እንደምፈልግ ነገርኩት።

«ውሃ ነው ጭስ የሚያልፍበት?» አለኝ።

«ጭስ።»

«ይሄ ሁለቱንም ያሳልፋል» ብሎ ባለ 2 ኢንች የሚያብለጨልጭ የውሃ ቱቦ መዘዘልኝ። «ጋልቫናይዝ ነው፤ ዝገት አያውቀውም።» ተከራከርኩ፣ አስቀነስኩ፣ አሸንፌ የተመለስኩ መሰለኝ።

ከሰፈራችን በር ሠሪ የብየዳ ማሽን ተከራየሁ። መኪናዋን በክሪክ አነሳሁ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንምና በግራና በቀኝ ወፋፍራም የግንድ ጉማጅ ከሥሯ ደግፌ ነው የገባሁት። ቂልነቴ ልክ አለው። ከብየዳው በፊት የዲናሞው ነገር እንዳይበላሽ የባትሪውን ገመድ ፈታሁ፤ ይህንንም አውቃለሁ። ልጄን ስልኩን አብርቶ አጠገቤ እንዲተኛ አደረግሁ። ልጅ መብራት ሲይዝ ብርሃኑ ምንጊዜም የሚያርፈው ከሚፈለገው ቦታ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብሎ ነው። «እዚህ ነው የምልህ!» እላለሁ፤ ብርሃኑ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። አልፈርድበትም። እኔም ለአባቴ የማበራው እንዲሁ ነበር፤ የዘር ነው።

ማርሚታዋን ከላይኛው ቱቦ ጋር የያዟት ሦስት ብሎኖች ናቸው። ሌሊቱን ነጭ ጋዝ ሲጠጡ አድረዋል። የመጀመሪያው በልመና ተፈታ። ሁለተኛው በስድብ ተፈታ። ሦስተኛው «ጠቅ» አለ። ይህን ድምፅ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል፤ የብሎን አንገት ሲቀነጠስ የሚሰማ የኪሳራ ድምፅ ነው። አገራችን ጣሊያንን በ1933 ዓ.ም አስወጥታለች፤ ከጋራዥ ግን እስከዛሬ አልወጣም። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሁሉም የእሱ ነው። ብሎን ሲቆረጥ የሚወጣው ቃል ብቻ ነው ንጹሕ አማርኛ። ልጄ በዚያን ቀን ቋንቋው በእጅጉ ዳበረ።

ከዚያ በየድኩ። በየድኩ ከማለት ለጠፍኩ ማለቱ ይቀላል። እኔ ኤሌክትሮዱን ባስነካሁ ቁጥር የጎረቤቱ አምፖል ሁሉ ይጠቅሳል። ከቱቦው ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል፤ አፌ ውስጥ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል ነገር ተሰማኝ። የድል ጣዕም መሰለኝ።

ማታ በሦስት ብርድ ልብስ ውስጥ ተንቀጠቀጥኩ። ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ የደረት መጨነቅ። የፊት ለፊት ጎረቤታችን እማማ ገና ከደጅ ሲያዩኝ ፈረዱ፦ «ምች ነው! በላብህ ከመሬት ተኝተህ ነፋስ መታህ።» ዳማከሴ አሽተው ጨመቁልኝ፣ አናቴንም ቀቡኝ፣ የተረፈውን በቡና አጠጡኝ። በማግስቱ ላቤ ወጥቶ ተነሳሁ። ማሽኑን ልመልስ ስሄድ በር ሠሪው ሳቀብኝ።

«ጋልቫናይዝ በየድክ? እኛ እኮ መጀመሪያ ሽፋኑን ፍቀን ነው፤ ያውም ሜዳ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባችን አድርገን። ያ የሚያብለጨልጨው ዚንክ ነው። ሲቃጠል ጭሱን የሳበ ሰው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። በቀን በሁለት ቀን ይለቃል።»

ይህን ለእማማ ብነግራቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። ያዳነኝ ዳማከሴው እንደሆነ አይጠራጠሩም። እኔም ሁለቱንም ላለማስቀየም ያመመኝ ዚንክ፣ ያዳነኝ ዳማከሴ ነው እያልኩ እኖራለሁ።

አሁን ወደ ማስነሳቱ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ቆሞ ሲንተከተክ በደቂቃ 800 ጊዜ ያህል ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ፍንዳታ አለ። በደቂቃ 1,600፣ በሰከንድ ከ26 በላይ ማለት ነው። እነዚህን ሁሉ ጥይቶች እስከዚያ ቀን ድረስ ቃል ሳትተነፍስ ስትውጥልኝ የኖረችው ያቺ የተበሳች ቆርቆሮ ነበረች። ቁልፉን አዞርኩ።

እርግቦቹ ከቆርቆሮው ጣሪያ በአንድ ጊዜ ተነሱ። የሰፈሩ ውሾች፣ የቀን እንቅልፋቸውን ትተው፣ የሚነክሱትን ሳያውቁ ጮኹ። እማማ «በስመ አብ!» ሲሉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ድምፃቸውን አልሰማሁም። ልጄ ጆሮውን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን፣ አትፍረዱብኝ፣ ደስ አለኝ። ነዳጁን ረገጥ ባደረግሁ ቁጥር እግሬ ሥር አንበሳ ያገሳል። አስፋልት ላይ ስወጣ ሰው ዞሮ አየኝ። ትራፊክ መብራት ላይ ሚኒባስ መንገድ ለቀቀልኝ። ሃያ ዓመት ስብሰባ ላይ እጅ ያወጣ ሰው ይህን ሲያገኝ ምን ይሰማዋል? ጉልበት የጨመረችው መኪናዋ ትሁን እኔ ልለየው አልቻልኩም።

ለመለየት እሑድ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። ያ ዳገት ውሸት አያውቅም። ድሮ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ነበር የምትወጣው። አሁን በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸች ወጣች። ሰዓቴን ባየው ያው ነው። ፈጥና የሄደች የመሰለኝ ጆሮዬ ስለፈጠነ ነው።

ሌላም ጣጣ መጣ። ቱቦው አጥሮብኝ ከጋቢናው ጀርባ ላይ ስላቋረጥኩት፣ ጭሱ በወለሉ ቀዳዳ እየተመለሰ አብሮኝ ይሳፈር ጀመር። ማታ ማታ ራሴን ይፈልጠኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን በ2012 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሳታነብ «ሸሚዝህ ማደያ ማደያ ይሸታል» ብላ ለብቻው ታጥበው ጀመር። ደግሞም ምስጢር የሚባል ነገር ቀረብኝ። ድሮ ግሮሰሪ ሳመሽ «ስብሰባ ነበር» እል ነበር። አሁን ግሮሰሪው ደጃፍ መኪናዋን ሳስነሳ ድምፁ ቀድሞኝ ቤት ይገባል። ገና መሪውን ሳልይዝ ስልኬ ይጠራል፦ «ስብሰባው አለቀ?»

ይህ ሁሉ ችዬው የምኖረው ነበር። ያልቻልኩት የለቅሶውን ነው።

አንድ ማለዳ የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ደጄ መጣና ድንኳን እንዳደርስ ነገረኝ። መኪናዋን በዓይነ ቁራኛ እያየ «ወንድሜ፣ ሥራዬን ልትቀማኝ ነው እንዴ?» አለኝ። ሳቅሁ። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ትልልቁን ብረት ድስት ጭኜ ለቅሶው ቤት ደረስኩ። ግቢው ሞልቷል። ከሩቅ አገር የመጣች እህት ገና መግባቷ ነበር፤ ለቅሶው እንደ አዲስ ተቀጣጥሏል። እኔ ደግሞ በዚያ ጠባብ በር በኋላ ማርሽ እየገባሁ ነው፤ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ፣ በየመካከሉ ነዳጅ ረገጥ።

አልቃሿ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። መኪናዬም ከፍ አደረገች። አልቃሿ ደረቷን መታች። መኪናዬ የግቢውን ቆርቆሮ አጥር አንቀጠቀጠች። በመጨረሻ አልቃሿ እጇን አውርዳ ዝም አለች። አንድ በአንድ ሁሉም ዝም አለ፤ ሰው ሁሉ ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ዞሮ እኔን ያያል። ሞተሩን አጠፋሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። መኪና ውስጥ ቀርቼ ብቀበር ምርጫዬ ነበር፤ ዕድሩም እዚያው ነው።

አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ መስኮቴ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ የሟች ዘመድ ነህ?»

«አይደለሁም አባቴ። ዕቃ ላደርስ ነው።»

«እኔማ» አሉ በከዘራቸው መኪናዋን እያመለከቱ፣ «ከሁላችንም አብልጣ ስታለቅስ ባያት፣ የሥጋ ዘመድ ናት ብዬ ነው።»

ከድንኳኑ ጥግ ጋሼ ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ያያሉ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የኤንትሬ ሾፌር ናቸው። ኤንትሬ፣ ማለትም ፊያት 682 ኤን 3፣ ተሳቢውን ጎትቶ የአሰብን መንገድ የሚመላለስ የዘመኑ ጀግና ነበር። ጋሼ ስለ መኪና ሲናገሩ እንደ አባት ነው፤ አይጮኹም። «ያቺን የጣልካትን ማርሚታ ነገ ይዘሃት ና» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

በማግስቱ ደጃቸው ላይ በብረት መጋዝ ለሁለት ሰነጠቋት። ውስጧን ሳላይ ነው ለካ የጣልኳት። ባዶ ቆርቆሮ አይደለችም። በግድግዳ የተከፋፈሉ ክፍሎች አሏት፤ በየግድግዳው እንደ ወንፊት የተበሱ ቱቦዎች ያልፋሉ፤ የአንዱ ጫፍ ከሌላው ጋር አይገጥምም።

«ይኸውልህ፣ ጩኸቱ በዚህ ይገባል» አሉ በጣታቸው። «ግድግዳ ይመታል፣ ይመለሳል። ሲመለስ ከኋላው ከሚመጣው ጋር ይጋጫል፤ ይጠፋፋሉ። ጭሱ መንገዱን ፈልጎ ይወጣል፣ ጩኸቱ እዚያው ይቀራል።»

እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና ወዲያው ገባኝ። ባለጉዳይ ነው! እየጮኸ ይገባል። «ቢሮ ቁጥር 4 ሂድ» ይባላል። ከ4 ወደ 7፣ ከ7 ተመልሶ ወደ 4። ኮሪደር ላይ ከሌላ ባለጉዳይ ጋር ይጋጫል፣ እርስ በርስ ይበርድላቸዋል። ከሰዓት በኋላ በጓሮ በር ሲወጣ ድምፅ የለውም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ማርሚታ ውስጥ ስሠራ ኖሬ ማርሚታን አለማወቄ አሳፈረኝ።

«ጉልበት ይጨምራል ብለውኝ እኮ ነው ጋሼ» አልኩ።

«ጉልበት ከየት ይመጣል? ጉልበት አየር ነው። አሰብ ላይ ፈረስ የነበረ መኪና አዲስ አበባ ሲገባ በቅሎ፣ እንጦጦ ሲወጣ አህያ ነው። በዓይናችን ያየነው ነው።»

እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ ያለው መኪና አየር በግድ ይጎርሳል፤ ለእሱ መውጫውን ማስፋት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። የእኔዋ ግን የምትስበው ራሱ ጥቂት ነው። ጥቁር ጭስ የምትተፋውም ለዚሁ ነው፤ ለናፍጣው የሚበቃ አየር አታገኝም። መግቢያው ሳይሞላ መውጫ ማስፋት ደሞዝ ሳይጨመር ኪስ እንደ ማስፋት ነው።

«ማርሚታ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ ጋሼ ስነሳ። «በጣሊያንኛ ድስት ማለት ነው። የመኪናን ገመና የምትከድን ድስት። አንተ ክዳኑን አንስተህ ሰፈር ለሰፈር ዞርክ።»

ቤት ገብቼ ሳነብ ደግሞ ሌላ ነገር ደነቀኝ። ይህችን ድስት በ1897 እ.ኤ.አ.፣ የዓድዋ ድል በሆነ በዓመቱ፣ የፈጠራ መብት ያወጡባት ሚልተንና ማርሻል ሪቭስ የሚባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው። ለአፄ ምኒልክ የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ማለትም ሰው መኪናን በወጉ ሳይለምድ፣ ጩኸቷ እንደማያኖረው ቀድሞ ገብቶት ነበር። ለእኔ እስኪገባኝ ከመቶ ዓመት በላይ ዘገየ።

ሶማሌ ተራ ሄጄ ከሌላ ሃይሉክስ የወረደች ደህና ማርሚታ ገዛሁ። ጥቁር የብረት ቱቦ ጨመርኩበት፣ ጭሱም ከጭነቱ አልጋ ጀርባ እንዲወጣ ተደረገ። ብየዳውን ለበር ሠሪው ተውኩለት፤ የተቀነጠሰውን ብሎን ያወጣበትን ለብቻው አስከፈለኝ። የቱቦውን፣ የማሽኑን ኪራይና የዳማከሴውን ቡና ስደምረው፣ መጀመሪያውኑ ማርሚታ ብገዛ ከማወጣው እጥፍ ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። መኪናዋ ግን ስትነሳ እርግቦቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

ባለፈው ሳምንት ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። ድንኳኑን ጭኜ ሄድኩ። በዚያው ዓይነት ጠባብ በር፣ በኋላ ማርሽ፣ ቀስ ብዬ ገባሁ። ማንም አልዞረም። አልቃሿ አላቋረጠችም። ከሁለት ልጆች ጋር ድንኳኑን አወረድን፣ ተከልን፣ አግዳሚውን ደረደርን። ሰው ገብቶ ተቀመጠ። እኔም ጥግ ይዤ ንፍሮዬን እበላለሁ።

እኒያ ባለ ከዘራው ሽማግሌ ቀና ብለው ድንኳኑን አዩና «እንዴት ያለ በጊዜ የደረሰ ድንኳን ነው! ማን አመጣው?» አሉ።

እጄ ስብሰባ ላይ እንዳለሁ ሁሉ ወደ ላይ ሊነሳ ዳዳው። «እኔ ነኝ!» ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ማርሚታዋ ትዝ አለችኝና ንፍሮ ጎረስኩበት። «ሰው ነዋ፣ እግዜር ይስጠው» አለ አንዱ፤ ወሬው አለፈ። ጩኸቴን ክፍል ለክፍል አንከራትቼ ዋጥኩት፤ ያን ቀን ከራሴ ጋር ታርቄ፣ በጸጥታ ወደ ቤቴ ነዳሁ።

ይኸው ግን ለእናንተ አንድም ሳላስቀር ነገርኳችሁ። የእኔ ብየዳ ገና አልያዘም ማለት ነው።